የታንክስጊቪንጉን ድስት ማን ይጣደው?

ስሚኝማ እህቴ፤ እዚያ ዝርዝርሽ ላይ «ተርኪ፣ 16 ፓውንድ» ብለሽ ከመጻፍሽ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዘንድሮ ታንክስጊቪንግን እኔ ቤት አዘጋጃለሁ ያልሽው ደስ ስለሚልሽ ነው ወይስ የባልሽ እህት በየዓመቱ ስትጠራሽ ኖራ አሁን አንቺ ካልጠራሽ ሰው የሚታዘብሽ መስሎሽ? ብዙዎቻችን እዚህ አገር የምንደግሰው በሁለተኛው ምክንያት ስለሆነ ማፈር የለብሽም። «ሁልጊዜ ስንበላ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳናበላ» የሚለው ሐሳብ ኖቬምበር ሲገባ ይመጣና ሰው አቅሙን ሳያይ «ዘንድሮ እኔ ቤት!» ብሎ ቃል ይገባል። ይሉኝታ ሰውን ከሰው ያስተሳስራል፤ ክፉ ነው አልልሽም። ሌሊቱን ሠርታ የገባች ሴት ምድጃ ፊት ስትቆም ግን ይሉኝታ አያግዛትም።

እኔ የማምነውን ልንገርሽ። አብሳይ መሆንና እንግዳ መሆን አንዱ ከሌላው የሚበልጥ ማዕረግ አይደለም። የሚወስነው የዚያ ሳምንት ጉልበትሽና በዚያ ቀን በማዕድሽ ዙሪያ የሚቀመጠው ሰው ነው። ባለፈው ዓመት ማን አበላ፣ ማን በላ የሚለው ሒሳብ ከውሳኔው ይውጣ።

እስቲ ያለሽበትን እንይ። ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ ሆስፒታል ሺፍት አለሽ። እማዬ ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና ጥቂት ጊዜዋ ነው፤ ጾመኛ ናት፤ የነቢያትን ጾም አንድም ቀን አትፈታም። የባልሽ ቤተሰቦች ደግሞ ጴንጤዎች ናቸው፤ ጾሙን አይዙም፤ ተርኪያቸውን በጉጉት ነው የሚጠብቁት። ልጆችሽ ከትምህርት ቤት የእጃቸውን መዳፍ ተርኪ አድርገው ሥለው መጥተዋል፤ ማቀዝቀዣሽ ላይ ለጥፈሽላቸዋል። እነዚህ ሁሉ አንድ ማዕድ ላይ ሊገናኙ ነው።

ከጾሙ ልጀምር፤ ብዙ ሰው ቀኑ ደርሶ ተርኪው ከተገዛ በኋላ ነው ትዝ የሚለው። ታንክስጊቪንግ የኖቬምበር አራተኛ ሐሙስ ነው፤ ስለዚህ ከ22 እስከ 28 ባለው ቀን ውስጥ ይውላል። ጾመ ነቢያት የሚገባው ኅዳር 15 ነው፤ ይህም ኖቬምበር 24፣ ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ደግሞ 25 ነው። ስለዚህ በዓሉ አብዛኛውን ጊዜ ጾሙ ውስጥ ይወድቃል። በ2026 ኖቬምበር 26 ላይ ይውላል፤ ኅዳር 17 ማለት ነው፤ ጾሙ ከገባ ሦስተኛ ቀኑ። በ2027 ጭራሽ የሚውለው ጾሙ በሚያዝበት ቀን፣ ኅዳር 15 ነው። በ2028 ግን ኖቬምበር 23፣ ኅዳር 14 ይሆናል፤ ቅበላ! ይቺን ቀን ያዢልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ስለዚህ ዘንድሮ ቤትሽ ብታዘጋጂ ሁለት ማዕድ ነው የምታሰናጂው። አንዱ ተርኪው፣ ዶሮ ወጡና ማካሮኒ በአይቡ፤ ሌላው ለእማዬና ለሚጾመው ሁሉ። ማማሰያው ለየብቻ፣ ድስቱ ለየብቻ፣ ቅቤ የነካ ጭልፋ ሽሮ ውስጥ እንዳይገባ ጥበቃው ለየብቻ። እማዬ «እኔ ምንም አልፈልግም፣ ውኃ ይበቃኛል» ትልሻለች። አትስሚያት። ሰው ሁሉ ሲበላ ሰላጣ ፊቷ ተቀምጦ የምትመለከት እናት ይዘሽ «የምስጋና ቀን» አይባልም።

ጥሩው ነገር፣ የአሜሪካኑ ማዕድ ግማሹ በትንሽ ብልሃት ጾም ይሆናል። ክራንቤሪው ስኳርና ፍሬ ብቻ ስለሆነ እንዳለ ይቀርባል። የተፈጨውን ድንች በወተትና በቅቤ ፋንታ በወይራ ዘይትና በተጠበሰ ነጭ ሽንኩርት አድርጊው፤ ማንም ጾም መሆኑን አያውቅም። ፎሶሊያ በካሮት እኛም አለን። የስኳር ድንቹን በዘይትና በትንሽ ቀረፋ ኦቨን ውስጥ ማብሰል ነው። ዱባውንም ፓይ ከማድረግ ዱባ ወጥ ሥሪው፤ እማዬ ደስ ይላታል፣ የባልሽም ወገኖች ለእንጀራቸው ይፈልጉታል። ስተፊንጉና ግሬቪው ግን በቅቤና በስጋ መረቅ ስለሚሠሩ አይሆኑም፤ እነሱን ለሌላው ማዕድ ተዪአቸው።

አሁን ወደ ጉልበትሽ ልምጣ። ሺፍቱን የያዝሽው ለገንዘቡ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የእማዬ የአውሮፕላን ቲኬት ዕዳ ገና አላለቀም። ብቻ አንድ ነገር አጣሪ። የፌዴራሉ ሕግ የግል ቀጣሪ ለበዓል ቀን ተጨማሪ እንዲከፍል አያስገድድም፤ የሚያስገድደው በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለተሠራው ነው። የበዓል ክፍያ የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ነው፤ አንዳንዱ ቦታ ከረቡዕ ምሽት ይቆጥራል፣ አንዳንዱ ከሐሙስ ጠዋት ብቻ። ደንቡን ሳታዪ «እጥፍ ይከፈለኛል» ብለሽ አትቁጠሪ። ክፍያው ካለና ከጠቀመሽ ሥሪ፤ ታንክስጊቪንግ የሚሠራ ሐበሻ ምን ጊዜም አለ፤ ከአየር ማረፊያው ታክሲ ነጂ እስከ አረጋውያን መጦሪያው ረዳት ድረስ። ከሠራሽ ግን በዚያው ቀን አታብስዪ። ከጠዋቱ 7 ሰዓት ተኩል በአሜሪካኑ ወጥተሽ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤትሽ እስክትደርሺ ዓይንሽ እየተከደነ፣ ከዚያ ለአሥራ ምናምን ሰው ኦቨን ለኩሰሽ መቆም አደጋ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከዓመቱ ቀናት ሁሉ በምግብ ማብሰል ምክንያት የቤት ቃጠሎ የሚበዛው በታንክስጊቪንግ ነው። ያ ቀን ሰው ሁሉ ደክሞ፣ ቤቱ ሞልቶ፣ ሁሉም ምድጃ በአንድ ጊዜ በርቶ የሚውልበት ነው። ያልተኛ ሰው ሲጨመርበት አስቢው።

«እማዬ አለች፣ ታግዘኛለች» እንዳትዪኝ። እማዬ ሌሊቱን ሙሉ ሽንኩርት ስትከትፍ ታድራለች፤ ያ ጥርጥር የለውም። የመጣችው ግን ልጅ ልጆቿን ልታይ ነው። የኦቨኑን ቁልፍ አታውቀውም፤ ጉልበቷም ያማታል። እንግዳ ሆና ከሄደች ደግሞ ምን እንደምትሆን ታውቂያለሽ፤ ከላይ ትቀመጣለች፣ ማዕዱን ትባርካለች፣ ልጆቹ ተራ በተራ ጉልበቷን ይስማሉ፣ የባልሽ አባትም ስለ ድሮው ሲያነሡ የሚያወራቸው እኩያ ያገኛሉ። ያንን ቀን ከወጥ ቤት ሆና እንዳታሳልፈው።

ይሁንና በሐሳብሽ ከጸናሽ ሥራውን በትክክል እወቂው። ተርኪ እንደ ዶሮ አይደለም። በረዶ የሆነ ተርኪ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለመቅለጥ ለየ4 ወይም 5 ፓውንዱ አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። ያንቺ 16 ፓውንድ ከሆነ ወደ 4 ቀን ማለት ነው፤ ቢዘገይ ቢዘገይ እሑድ ጠዋት ከፍሪዘር ወደ ታች መውረድ አለበት፤ ቅዳሜ ማታ ቢሆን ይሻላል። ረቡዕ ማታ ድንጋይ ሆኖ ካገኘሽው ያለሽ መንገድ ቀዝቃዛ ውኃ ነው፤ ለእያንዳንዱ ፓውንድ 30 ደቂቃ፣ ውኃው በየ30 ደቂቃው እየተቀየረ። ለ16 ፓውንድ 8 ሰዓት ሙሉ ሲንክ አጠገብ መቆም ነው፤ አንቺ ደግሞ ያኔ ሆስፒታል ነሽ። ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ ማሳደር የሚባለውን ፈጽሞ እንዳታደርጊው፤ ውስጡ ገና በረዶ ሆኖ ሳለ ውጩ ይበላሻል።

ስለ ማጠቡም ልንገርሽ፤ ከእማዬ ጋር የምትጣሉት እዚህ ላይ ነው። እኛ ዶሮ ስንሠራ ቆዳውን ገፈን፣ 12 ብልት አውጥተን፣ በሎሚና በጨው ውኃው እስኪጠራ ደጋግመን እናጥባለን። ያልታጠበ ዶሮ የእናቶቻችን ድስት ውስጥ ገብቶ አያውቅም። የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ግን ጥሬ ተርኪ አትጠቡ ይላል፤ ፍንጣሪው ጀርሙን ወደ ሲንኩ፣ ወደ ሰላጣው፣ ወደ ልጆቹ ብርጭቆ ስለሚያደርሰው ነው። ጀርሙን የሚገድለው ሙቀቱ ነው። እማዬ እሺ ካላለች አትከራከሪያት፤ በዙሪያው ያለውን ምግብና ዕቃ ሁሉ አንሺ፣ ውኃውን በቀስታ ልቀቂ፣ ከዚያ ሲንኩንና ጠረጴዛውን በሳሙና አጥበሽ በበረኪና ውኃ አብሺው። ሆዱ ውስጥ ደግሞ አንገቱና ጉበቱ በከረጢት ተጠቅልለው ይቀመጣሉ፤ ከረጢቱን ማውጣት አትርሺ።

ኦቨኑ 325 ፋራናይት ላይ ይሁን። ይህን የሚያክል ተርኪ ሆዱ ሳይሞላ 4 ሰዓት አካባቢ ይፈጅበታል። መብሰሉን በዓይንሽ አትፍረጂ፤ የስጋ ቴርሞሜትር ግዢ፤ ዋጋው ብዙ አይደለም። በጭኑ ውስጠኛ ክፍል፣ በክንፉ ሥርና በደረቱ ወፍራም ቦታ አጥንት ሳትነኪ ስትወጊው 165 ፋራናይት ማሳየት አለበት፤ 74 ሴንቲ ግሬድ ማለት ነው። ከዚያ 20 ደቂቃ ይረፍ፤ ወዲያው ከቆረጥሽው መረቁ ይፈስና ስጋው ይደርቃል። ለኛ ምላስ፣ ከቆዳው በታች ለስላሳ ቅቤ በኮረሪማ፣ በነጭ ሽንኩርትና በትንሽ በርበሬ ለውሰሽ ብትቀቢው የሚጣፍጥ ነው። በርበሬውን ከቆዳው በላይ አታብዢው፤ ለ4 ሰዓት እሳት ያርራል፣ ይመራልም።

መጠኑንም ቀንሺ። ለአንድ ሰው አንድ ፓውንድ የሚባለው ተርኪው ዋና ምግብ ለሆነበት ቤት ነው። ዶሮ ወጥ ባለበት ማዕድ ማን ተርኪ ይጨርሳል? ሐበሻ ቤት ተርኪው ለፎቶና ለልጆቹ ነው የሚወጣው፤ ሁለት ቁራጭ ይነሣለታል፣ ከዚያ ሁሉም ወደ እንጀራው ይመለሳል። ደረቱን ብቻ ብትገዢ ለሁሉም ይደርሳል፣ በግማሽ ቀን ያነሰ ሥራ ነው፣ ልጆቹም ተርኪያቸውን አዩ። የተረፈውን በ2 ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ አስገቢ፤ 3 ወይም 4 ቀን ይቆያል።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩልሽ ሥራው ሐሙስ ሳይሆን ከቅዳሜ ጀምሮ እንደሚገባ እንድታዪ ነው። ቅዳሜ ማቅለጥ፣ ማክሰኞ ሽንኩርት ማቁላላት፣ ረቡዕ ወጡን ማውረድና እንጀራውን ከመደብር ማምጣት፤ እንጀራውን ደግሞ ቀድመሽ ካላዘዝሽ ያን ሳምንት መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ታገኚዋለሽ። የሥራ ሰሌዳሽን አውጪና አጠገቡ አድርገሽ እዪው። ዘንድሮ አይገጥምም፤ እንግዳ ሁኚ።

እንግዳ መሆን ግን ዝም ብሎ መሄድ አይደለም። የዚህ በዓል ታሪክ ሲነገር የሚጠቀሰው የ1621 የፕሊመዝ ግብዣ ላይ የዋምፓኖአግ መሪ ማሳሶይት 90 ያህል ሰዎች አስከትሎ መጣ፤ ሰዎቹም ወጥተው 5 አጋዘን ገድለው አመጡ። እንግዶቹ ናቸው ስጋውን ያመጡት፤ መሬቱም የእነሱ ነበር። ከዚያ በኋላ የደረሰባቸው ግፍ የሚያሳዝን ነው፤ ከ1970 ጀምሮ በዚያው በፕሊመዝ ቀኑን የሐዘን ቀን አድርገው የሚያስቡ ተወላጆች አሉ። ልጆችሽ ትልልቅ ሲሆኑ ይህንንም ንገሪያቸው፤ ትምህርት ቤት የሚሰጣቸው ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ የለም።

አንቺም ስትሄጂ የእማዬን ማዕድ ይዘሽ ሂጂ። ለባልሽ እህት ቀድመሽ ንገሪያት፦ «የጾሙን ምግብ በሙሉ እኔ ነኝ የማመጣው፤ አንቺ አታስቢበት።» ዱባ ወጡን፣ ምስር ወጡን፣ ጎመኑንና ፎሶሊያውን ማክሰኞ ትሠሪያቸዋለሽ፤ ማሞቅ ብቻ ነው የሚቀራቸው። ሌሊት ስለምትሠሪ ካልቻልሽ ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ካንዱ የጾም በያይነቱ እዘዢ። ስትመርጪ ደግሞ ኦቨን የማይፈልገውን ምረጪ። በዚያ ቀን የአዘጋጇ ኦቨን ተርኪው እስኪወጣ የተያዘ ነው፤ «ትንሽ ላስገባ» የሚል እንግዳ ሥራዋን ያበላሽባታል። ድፎ ዳቦ ጋግረሽ ብትወስጂ ተወዳዳሪ የለውም፤ ማሞቅ አይፈልግ፣ ጾመኛውም ያልጾመውም ይበላዋል፣ እማዬም ባርካ ትቆርሰዋለች።

አንድ ቀን አሜሪካዊ ባልደረባሽ ቤት ብትጠሪ ደግሞ ሌላም ጥንቃቄ አለ። አሳማ የማንበላ ሰዎች የምንሳሳተው ከስጋው ላይ አይደለም፤ ከሌላው ነው። ጎመኑ ብዙ ጊዜ በጭስ በደረቀ የአሳማ እግር ነው የሚቀቀለው። ስኳር ድንቹ ላይ የሚቀመጠው ነጩ ማርሽሜሎ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከአሳማ የተገኘ ጄላቲን አለ። የአንዳንዱ ፓይ ሊጥም በአሳማ ስብ ይሠራል። ማዕዱ ላይ ተቀምጠሽ አትጠይቂ፤ ከቀናት በፊት በስልክ «እኔ አሳማ አልበላም፣ በዚህ ወቅት ደግሞ ጾም ላይ ነኝ፤ የምበላውን ይዤ እመጣለሁ» በይ። አሜሪካኖች እንዲህ ያለ ነገር ቀድሞ ሲነገራቸው ደስ ይላቸዋል፤ የሚከፋቸው ሳይነካ የቀረ ሳህን ሲያዩ ነው። ሰዓቱንም አክብሪ። 3 ሰዓት በአሜሪካኑ ካሉ 3 ሰዓት ነው፤ ተርኪው ከኦቨን ወጥቶ ለሐበሻ ሰዓት አይጠብቅም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ሰውም ሰዓቱ ይገጥማል፤ በአሜሪካኑ 3 ሰዓት ማለት የኛ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

እዚያም ደርሰሽ ወጥ ቤቱን አትረከቢ። ድስት ከፍተሽ ጨው አትቅመሺ፣ «እኔ እንዲህ ነው የማደርገው» አትበዪ። ተበልቶ ካለቀ በኋላ ግን አንቺ ቀድመሽ ሲንኩ ጋ ቁሚ። ለደከመ አዘጋጅ ከአበባም ከወይንም የሚበልጠው የታጠበ ድስት ነው።

ከሁሉ በፊት ግን የባልሽን እህት ራሷን ጠይቂያት። ምናልባት እሷም በየዓመቱ የምትደግሰው «ካልደገስኩ ምን ይሉኛል» ብላ ይሆናል። ሁለታችሁም በየፊናችሁ ተጨንቃችሁ አንዳችሁ ለሌላው ሳትናገሩ መቅረት የለባችሁም። ደከመኝ ካለችሽ ቤቱ የሷ ሆኖ ምግቡን ለሁሉም አከፋፍሉት፤ ተርኪውን ለባሎቹ ስጧቸው፤ ቴርሞሜትር ማንበብ አያቅታቸውም። ወይ ደግሞ ሐሙስን ሁሉም በየቤቱ ተኝቶ ይዋልና ቅዳሜ ተገናኙ፤ ቀኑን የኮንግረስ ሕግ በ1941 ሐሙስ ላይ ቢያጸናውም ቅዳሜ የሚበላን ተርኪ ማንም አይከለክልም።

ተራውን ደግሞ እንደ ጽዋ ማኅበር በግልጽ አድርጉት። እናቶቻችን ማኅበራቸውን ሲጠጡ የሚቀጥለውን የሚያወጣው ማን እንደሆነ ሳይነጋገሩ አይለያዩም፤ ስለዚህ የበላም የሚያፍርበት፣ ያበላም የሚኩራራበት የለም። እናንተም ዘንድሮ ማዕዱ ሳይነሣ የሚቀጥለውን ዓመት ተረካቢ ወስኑ። አንቺ የ2028ን ውሰጂ። ቀኑ ቅበላ ነው፤ ጾሙ የሚገባው በማግስቱ ዓርብ ነው፤ ጾመኛውም ያልጾመውም ካንድ ድስት የሚበላበት ታንክስጊቪንግ ቶሎ ቶሎ አይገኝም። እማዬ ያኔ እዚህ ካለች ዶሮ ወጥሽን ታያለች፤ የሥራ ሰሌዳሽንም ቀድመሽ ታስተካክያለሽ።

ያቺ ባንቺ ሆስፒታል አዲስ የተቀጠረችው፣ ዘመድ የሌላት ልጅስ? ዘንድሮ የት ልትውል ነው? ለባልሽ እህት ስትደውዪ አንድ ሰው ልጨምር ወይ ብለሽ ጠይቂያት። እንግዳ ሆነሽም ሰው መጥራት ትችያለሽ፤ አዘጋጇ እሺ ካለች።

በይ ዝርዝሩን ወዲህ አምጪው። «ተርኪ» የሚለውን ሰርዢና «ዱባ 2፣ ምስር ክክ፣ የፉርኖ ዱቄት፣ ጥቁር አዝሙድ» ብለሽ ጻፊ። ስልኩንም ዛሬውኑ አንሺ፤ የባልሽ እህት ቅዳሜ ገበያ ትወጣለች፤ ስንት ሰው እንደሚመጣ ሳታውቅ እንዳትገዛ።